ማናልሞሽ በአማቷ ፊት

ጎረቤቴ ማናልሞሽ አማን ከተማ ሱቅ ከፍታ ጨርቅ ትሸጣለች። ከሱቆቹ ጀርባ ያለው ሽንት ቤት ቁልፉ የሚገኘው ባጃጅ ነጂዎች ከሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ነው። ቁልፍ መጠየቅ ማለት ደግሞ ወዴት እንደምትሄጂ ለዚያ ሁሉ ወንድ ማወጅ ነው። ማናልሞሽ ይህን ከምታደርግ ሱቋን ብትዘጋ ትመርጣለች። መላ ብላ ያገኘችው ቀኑን ሙሉ ውኃ አለመጠጣት ነበር። ሰገራም ሲመጣባት ትይዘዋለች፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ደግሞ እምቢ ይላታል።

እንዲህ እየሆነች ዓመታት አለፉ፤ ሆዷም እየተነፋ፣ እየከበዳት መጣ። የኛ ሰው ሆዱ ውስጥ ለሚደርሰው ሁሉ አንድ ስም አለው፤ ጨጓራ። እሷም ጨጓራ ነው ብላ ጎመኑንም ሽሮውንም ተወች። ኑሮዋ ነጭ ዳቦና ሩዝ በሻይ ሆነ። ከመድኃኒት ቤት የምትገዛው ነጩ የጨጓራ ሽሮፕ ይባስ ብሎ ያደርቃት ጀመር።

ነርስ ነኝና ዝም አላልኩም።

«ማኔ፣ ይሄ ድርቀት ነው እንጂ ጨጓራ አይደለም። ውኃ ጠጪ፣ ጎመንሽን ብዪ፤ ፓፓያው እንደሆነ ደጃችን ላይ ይበሰብሳል። ጠዋት ቁርስ በልተሽ ሲመጣብሽ አትያዢው፣ ሱቁ ይቆይ።»

«አንቺ ደግሞ ወሬሽ ሁሉ ከዚያ አይወጣም» ብላ ትስቃለች። አናደደችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለጨዋታ ይመስላታል።

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ሆዷ ተነፍቶ አልጎድል አለ፤ ያስመልሳትም ጀመር። ባሏ ዓለምሰገድ ቡና ሊገዛ ቴፒ ሄዶ ስለነበር ሐኪም ቤት የወሰዷት አባቱ፣ አባባ በላይነህ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ከሙሽርነቷ ጀምሮ «ልጄ» እንጂ «ምራቴ» ብለዋት አያውቁም። እሷም እሳቸው ባሉበት ውኃ እንኳ ድምፅ አሰምታ አትውጥም። ጃንጥላቸውን ይዘው ራስጌዋ ተቀመጡ። ወጣቱ ሐኪም «ሰገራ ወጥተሻል? አየርስ ይወጣልሻል?» ብሎ ጠየቃት። አማቷን አየችና «አዎ» አለች። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ተመለሱ።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ልጠይቃት ገባሁ። ሆዷ ከበሮ ሆኗል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ ጠየቅኳት።

«ከእሑድ ወዲህ ምንም የለም። አየርም የለም» አለችኝ። «ለአባባ እንዳትነግሪ።»

አንጀቷ ተጠምዝዞ እንዳይሆን ሰጋሁ። አንጀት ከተጠመዘዘ ደም አይደርሰውም፣ ውስጥ ለውስጥ ይሞታል። እንዲያ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሁሉም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

ከአባባ ጋር በባጃጅ ይዘናት ሐኪም ቤት በረርን። ያው ሐኪም መጣ።

«አባባ፣ ለጥቂት ጊዜ ይውጡልን» አልኳቸው።

ቅር አላቸው። «ለልጄ ባዳ ነኝ እንዴ?» ብለው ከወንበራቸው አልነሳ አሉ።

ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ማናልሞሽ ላብ አጥምቋታል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቀስ ብላ ዞራ አማቷን አየቻቸው።

«አዎ፣ ወጥቻለሁ» አለች።

«ትዋሻለች» አልኩ። «ከእሑድ ጀምሮ ሰገራም ፈስም አልወጣትም።»

ቃሉን ሳላለዝብ፣ በሽማግሌው ፊት ተናገርኩት። ማናልሞሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ፈርቼም አላውቅም።

ወዲያው ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ሐኪሙ ሲወጣ አንጀቷን ጠቁሮ እንዳገኙት፣ የጠቆረውን ቆርጠው እንዳወጡ፣ መትረፏ ግን ገና እንደማይታወቅ ነገረን። ትናንት ቢያውቁ ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር አለ።

አባባ በላይነህ ከተቀመጡበት ተነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ትናንት እኔ አጠገቧ ባልቀመጥ ኖሮ እውነቱን ትናገር ነበር?»

ልዋሽላቸው ቃጣኝ።

«ትናገር ነበር፣ አባባ» አልኳቸው።