አባዬ በየጠዋቱ ውሃ የሚጨምርበት መኪና

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ማንም አልሞተም፤ መኪናውም አልተቃጠለም። ግን ኮፈኑን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጥፋቱን እያየሁ ከርሜ ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

የምንኖረው ዓለም ባንክ ሰፈር ነው። አባዬ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት የምወስደው እኔ ነኝ። መኪናው የእህቴ ነው፤ ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ። ለእሱ ምልልስ ብላ ትታልን እሷ በታክሲ ሥራ ትሄዳለች። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከዚያ እንደገና ሰኞ። የሚያደክመኝ መንገዱ ብቻ አይደለም፤ የሚያልቅ ነገር አለመሆኑ ነው።

በእነዚያ ቀናት አባዬ ቀድሞኝ ይወጣል። በእሱ ዘመን ሹፌር ዘይትና ውሃ ሳያይ ሞተር አያስነሳም። ኮፈኑን ከፍቶ፣ የጎደለውን ከቧንቧ በቀዳው ውሃ ይሞላል። ሐኪሙ በቀን የፈቀደለት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ነው። ለመኪናው ግን በጆግ ያንቆረቁርለታል።

ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ ኩላንቱ፣ መጀመሪያ ደማቅ ሮዝ ነበር። በየሳምንቱ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ተልሶ የቀረ ከረሜላ መሰለ። ግጥም ቢጤ እሞካክራለሁና ስለዚያ ቀለም አራት መስመር ጽፌያለሁ። ለአባዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም። መንዳት ካቆመ ወዲህ የቀረው ሥራ ይህ ብቻ ነበር፤ ከእጁ ልነጥቀው አልፈለግኩም። በየሳምንቱ ለምን እንደሚጎድልም አልጠየቅኩም።

የዚያን ሰኞ ኮልፌ ስንደርስ መንገዱ ተጨናንቆ ዳገቱ ላይ እንንፏቀቅ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ምልክት በራ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ዳር ይዤ አጠፋሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ የእጥበቱ ተራ ሁለት ሰዓት ነው። ተራው ካለፈ ማሽኑ ለሌላ ሕመምተኛ ይሰጣል። አባዬ ደግሞ ከዓርብ ወዲህ አልታጠበም። እግሩ ከማበጡ የተነሳ የጫማው ማሰሪያ አልታሰረም፤ ትንፋሹም ከአጠገቤ ይሰማኛል።

ስልኬን አውጥቼ ታክሲ ስፈልግ እሱ ወርዷል። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ኮቱን አውልቆ እጁ ላይ ጠምጥሞ፣ የኩላንቱን ክዳን ሊከፍት ጎንበስ ብሏል።

«አባባ! እጅዎን ያንሱ!»

ከመንገዱ ማዶ የሞተር ዘይት የምትሸጥ ሴት ናት። በመኪኖቹ መሀል እየሮጠች ተሻግራ ክንዱን ያዘችው። «የፈላ ነው እኮ! ፊትዎን ሊገሸልጥዎት ነው!»

«ሠላሳ ዓመት ከፍቻለሁ፣ ልጄ» አላት።

«ሠላሳ ዓመት እግዜር ጠብቆዎታል። ዛሬን እኔ ልጠብቅዎት።»

የኩላንቱን ዕቃ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄን ውሃ ማነው ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ? ወጣት ሆነህ?»

«አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለ አባዬ። «እሱ ኮፈኑ በየት እንደሚከፈትም በቅጡ አያውቅም።»

ልትስቅ ስትል ክንዱን አየች። እጅጌው ተሰብስቦ፣ የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት እብጠት ይታይ ነበር። ፊቷ ተለወጠ።

«ተራዎ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት።»

ሌላ አልጠየቀችም። መንገዱ መሀል ገብታ እጆቿን ዘርግታ አንድ ሚኒባስ አስቆመች። ረዳቱ «ሞልቷል!» ሲል «ታማሚ ነው፣ ጋቢናውን ልቀቁለት!» አለችው። ጋቢና የነበረው ሰውዬ ወርዶ ከኋላ ተጣቦ ገባ። «ፋዘር፣ ይግቡ፣ እናደርስዎታለን» አለ ሹፌሩ።

እኔ ቁልፉን ይዤ ቆሜያለሁ። የእህቴ መኪና ነው፤ የሴትየዋን ስም እንኳ አላውቅም።

«ምን ትገተራለህ? ስጠኝና ሂድ!»

ሰጠኋት።

ሹፌሩ ውስጥ ለውስጥ ወሰደን። አንዲት ተማሪ «ፈተና አለብኝ እኮ» ብላ አጉረመረመች፤ የአባዬን ትንፋሽ ስትሰማ ዝም አለች። ስንደርስ ሁለት ሰዓት ከአምስት ሆኗል። ነርሷ ሌላ ሰው ልትጠራ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ማሽኑ ከተገጠመለት በኋላ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ «ቀለሙ መቀየሩን አይተህ ነበር?» አለኝ።

«አይቼ ነበር።»

«ታዲያ?»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«አሁንስ አልከፋኝም? ገና አልሞትኩም እኮ። ንገረኝ እንጂ።»

ከሰዓት እሱን ቤት አድርሼ ወደ ሴትየዋ ሱቅ ሄድኩ። ጎረቤቷ መካኒኩ የሚያፈስ ቱቦ አግኝቶ ቀይሯል፤ ውሃውንም አስወግዶ አጥቦታል። «ኩላንት እንደ ነዳጅ አያልቅም። ከጎደለ ፈሷል ማለት ነው» አለችኝ። «እናንተ በውሃ እየሞላችሁ ማፍሰሱን ደበቃችሁት። ደግሞ ቀለም አይተህ እንዳትገዛ። ሮዝ ሁሉ አንድ አይደለም። የመኪናው መጽሐፍ የሚያዘውን ዓይነት ግዛ፤ ከሌላ ጋር አትቀላቅል።» ከዚያ ለኤሌክትሪኩ ክፍል የተለየች ሁለተኛ ትንሽ የኩላንት ዕቃ መኖሯን አሳየችኝ። «ይቺን የረሳ ሰው ሃይብሪድ አለኝ አይበል።»

ባሏ ሁለት ዓመት ሲታጠብ እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው። መጨረሻውን አልጠየቅኳትም።

አሁንም ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ እንመላለሳለን። አሁንም ይደክመኛል። ስለዚያ ጠዋት ሳስብ ከእንፋሎቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ፣ ደግ የሆንኩ መስሎኝ አባቴን እውነቱን ሰምቶ እንደማይችል ሰው መቁጠሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የሚነግረኝን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ ደጉንም ክፉውንም። አንዳንዱን ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይቆያል። ከዚያ «ሌላስ?» ይለኛል።