ዘነበች የማን ልጅ ናት?

ሲይዙኝ እጄ ላይ የነበረው አንድ የመርማሪ ልብ ወለድ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ባጃጅ እየጠበቅኩ፣ የጀመርኩትን ምዕራፍ ልጨርስ ብዬ ቆሜ አነባለሁ። ሁለት ሰዎች ጠጋ አሉና "ትንሽ ጥያቄ አለን፤ አሁን ትመለሻለሽ" አሉኝ። ያ "አሁን" አርባ አንድ ቀን ፈጀ።

ጅግጅጋ በታመሰችበት ሰሞን ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ የተናገርኩት ነገር ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ እደግመዋለሁ። ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ እሱ አይደለም።

መዝጋቢው ፖሊስ ረጅም፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነበር። እንደ እኔው ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። መጽሐፉን ገለባበጠው።

"ፖለቲካ ነው?"

"አይደለም። ሌባ የምትይዝ ሴት ታሪክ ነው።"

"ፖሊስ ናት?"

"የግል መርማሪ ናት። ፖሊስ ያቃተውን ነው የምትይዘው።"

ምላሴን ቁርጥ ያድርገው! ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛውንም ገለጠ። "እዚህ ይቆያል" አለና መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ክፍሏ የበረኪና ሽታ አላት። ቆርቆሮው ከሰዓት በኋላ ይግላል፤ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ከፍ ብላ የመጽሐፍ ስፋት ያላት መስኮት አለች። አምስት ሴቶች ነበሩ፤ ስድስተኛዋ እኔ። የሁሉም ታላቅ ከድንበር ከተማዋ ከአውበሬ ጨርቅና ሽቶ የምታመላልስ ነጋዴ ናት። ሁሉም "ኤዶ" ይሏታል፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ፈጣን። እኔ "እርስዎ" ስላት "ስንት ዓመት ሆኜ ታየሁሽ?" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ ሆነች።

ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ወይ ሃያ ቢሆናት ነው። ከደገሀቡር ከሚመጣ መኪና ላይ ያለ መታወቂያ ነው ያወረዷት። ስምሽ ማነው ስትባል ዝም። በአማርኛም በሶማሊኛም ዝም። መዝገቡ ላይ "ስሟን ያልሰጠች" ተብላ ተጽፋለች።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እዚያ ቤት ምግብ የሚገባው በስም ነው። ቤተሰብ በር ላይ መጥቶ ስም ይጠራል፤ ፖሊሱ መዝገቡን ያያል፤ ስሙ ካለ ሳህኑ ይገባል፣ ከሌለ "እዚህ የለችም" ተብሎ ይመለሳል። ልጅቷ እኔ ስገባ ሁለተኛ ቀኗ ነበር፤ ከውሃ በቀር የቀመሰችው የለም። ከእኛ ሳህን ስናቀርብላት እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና ፊቷን ታዞራለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እናቷ ደግሞ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረች "የለችም" ስትባል ይታየኝ ነበር።

በማግሥቱ ምሳ ተበልቶ ሳህን ሲሰበሰብ ኤዶ ወደ እኔ ዞረች። "ቲቸር፣ ያ ፖሊስ የወሰደብሽ መጽሐፍ ምንድን ነው? ንገሪን፤ ቀኑ ይለፍልን።"

ጀመርኩ። ዘነበች የአውቶቡስ ረዳት ነበረች። ሃያ ዓመት በር ላይ ተንጠልጥላ ስለኖረች ማን እያለው የለኝም እንደሚል ከፊቱ ታውቃለች። ጡረታ ስትወጣ ከሥጋ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምርመራ ቢሮ ከፈተች። ደንበኛው ግማሹ ሥጋ ፈላጊ ነው። አንድ ቀን የሙሽራ ወርቅ ጠፋ ተብላ ተጠራች። ምን አደረገች? ሽርጥ አድርጋ ሠርግ ቤቱ ጓዳ ገባችና ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። እንባዋ ሲወርድ ያየ ሁሉ አዝና የመጣች መስሎት አጠገቧ እየተቀመጠ የራሱን ገመና ዘከዘከላት።

ኤዶ በሶማሊኛ ትተረጉማለች። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ስል እሷ ሦስት ትላለች፤ ሴቶቹም እኔ ያልሳቅኩበት ቦታ ይስቃሉ። ከዚያ ድንገት አቆመች።

"ቆይ እስቲ። የማን ልጅ ናት?"

"ማን?"

"ዘነበች ናታ!"

"አልተጻፈም።"

"እንዴት አይጻፍም? ሰው ቤት ገብታ ወርቁን ማን ወሰደው ስትል፣ አንቺስ የማን ነሽ አይሏትም?"

ሁሉም ተስማሙ። እዚህ አገር ሰው ሲተዋወቅ ሥራህ ምንድን ነው አይባልም፤ የማን ልጅ ነህ ነው። ልጅ አፍ ሲፈታ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም ያጠናል። በዚያ መሀል በር አጠገብ የተቀመጠችው "ጎሳዋስ?" አለች። ከተማዋን ያመሳት ይኸው ጥያቄ ነበር። ሁለት ሴቶች ዓይን ለዓይን ላለመተያየት መሬት መሬት አዩ።

"ጎሳ ማን አነሳ?" አለች ኤዶ። "አባት ነው ያልኩት። አባት ከሌላት አልተረጉምም።" እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

"እሺ፣ የከበደ ልጅ ትሁን" አልኩ።

"ከበደ የማን ልጅ?"

"የወልዴ።"

"ወልዴስ?"

የራሴንም ከአራት በላይ አልቆጥርም ብዬ ተናዘዝኩ። ሲስቁብኝ! አንዷማ ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

ያኔ ነው ከጥጉ ድምፅ የመጣው። የሻከረ፣ ብዙ ቀን ሳይሠራ የቆየ ድምፅ። ልጅቷ ግድግዳውን እያየች ስም መቁጠር ጀመረች፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ እስከ ሰባት። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም።

ኤዶ ዞራ እንኳ አላየቻትም። "እሺ፣ አባት አላት" አለች። "ቀጥዪ ቲቸር።"

እውነቱን ልናገር፣ ደረቴ ተነፋ። የእኔ ተረት አናገራት ብዬ ነው። ሲመሽ ኤዶ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ አስረዳችኝ። ወንድሟን ይፈልጉታል፤ ስሟን መዝገብ ላይ ብታስጽፍ ቤታቸው ይሄዳሉ ብላ ነው የፈራችው።

"ነገረችሽ?"

"አልነገረችኝም። ዕድሜዬን ኬላ ላይ ነው የጨረስኩት፤ የምትደብቅ ሴት አውቃለሁ። ለራሷ አትናገርም፤ ለሌላ ሴት ግን አባት ብትሰጥ ማን ይከሳታል?"

ጠዋት ቆጠራ ላይ ሌላ ፖሊስ ነበር የገባው። ልጅቷ ጋ ሲደርስ ኤዶ ቀደመችው። "ትናንት ተናግራለች። ዘነበች ትባላለች።" እሱም ሳያስብ ጻፈ። ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን ነከስኩ። ረፋዱ ላይ የኤዶ ልጅ ምግብ ይዛ መጣች፤ ኤዶ በበሩ ቀዳዳ በሶማሊኛ ስታወራ ሰባቱ ስሞች በተርታ ሲያልፉ ሰማሁ፤ ለልጅቷ እናት መላኳ ነው።

ያን ቀን ማንም አልመጣም። ልጅቷ ስትነሣ ግድግዳ መያዝ ጀምራለች። ኤዶ ደግሞ ከበሩ ቀዳዳ አልነቀል አለች፤ እሷን ሳይ እኔ ባሰብኝ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ በሩ ተከፈተ። መዝጋቢው ነው። መጽሐፌ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ወጥቶ ይታያል።

"ዘነበች!" ብሎ ተጣራ።

ስሙን ያወጣነው ከዚያው መጽሐፍ ነው፤ እሱም ሲያነበው ከርሟል። ማጭበርበራችን ከታወቀ በዚህ ስም የጠየቀችው እናቷም መያዟ ነው።

"ዘነበች ማናት?"

ልጅቷ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። "እኔ" አለች፤ በአማርኛ።

እሷን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ፤ ቆይቶ ነው ዓይኑን የነቀለው። "ረዳት የነበረችው?" አለ።

"አዎ፣ ረዳት ነበረች" አለች ኤዶ፣ ፊቷ ላይ አንዳች ሳይንቀሳቀስ። ልጅቷም ምን እንደተባለ ሳይገባት ራሷን ነቀነቀች።

ፖሊሱ ወደ በሩ ዞረ። ትከሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ሲመለስ ፊቱ የፖሊስ ፊት ነው። የያዘውን ዘንቢል መሬት ላይ አስቀመጠ።

"እናትሽ በር ላይ ናት። ምን ልበላት?"

ኤዶ ተረጎመችላት። ልጅቷ ሁለት ቃል ተናገረች።

"እበላለሁ በላት ትላለች" አለች ኤዶ።

ዘንቢሉ ውስጥ ሩዝ በፍየል ሥጋና አንድ ጠርሙስ የግመል ወተት ነበር። በስንት ቀን ረሃብ እጇን ወደ ምግቡ ትሰዳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ልጅቷ የውሃውን ጆግ አነሣች። መጀመሪያ ለኤዶ የእጅ ውሃ አፈሰሰችላት። ቀጥሎ ለእኔ፣ ቀጥሎ በየዕድሜያችን ለሁሉም። በእናቷ ቤት እንግዳ የምታስተናግድ ልጅ ሆነች። መጨረሻ የታጠበችው እሷ ናት። ከዚያ ተቀምጣ ቀስ እያለች በላች፤ እኛም አብረናት በላን።

ስፈታ መዝጋቢው መጽሐፌን መለሰልኝ። "ጨርሼዋለሁ" አለ።

ዛሬም ጅግጅጋ ነው የማስተምረው። ልጅቷም ከእኔ ቀድማ ተፈታ ነበር፤ ወንድሟም በሰላም ቤቱ ገብቷል። ባለፈው ዒድ ቤታቸው ጠሩኝ። እናቷን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኳት። የማታውቂያት የነጋዴ ልጅ መጥታ "ልጅሽ እዚያ ናት፣ ዘነበች ብለሽ ጠይቂ" ስትልሽ እንዴት አመንሽ?

"መጀመሪያ አላመንኩም" አለች። "ስንቱ መጥቶ አይቻታለሁ ብሎ ዋሽቶኛል። በኋላ ስሞቹን ስትቆጥር አራተኛውንና አምስተኛውን አገላብጣ ጠራቻቸው። ልጄ ከሕፃንነቷ እንደዚያ ነው የምትላቸው። አባቷ ስንት ጊዜ ተቆጣት፣ አልታረመችም። ስህተቱን ስሰማ ተነሣሁና ሩዝ ጣድኩ።"

በሳምንቱ ኤዶን ገበያ ሄጄ አገኘኋት። የዚያን ዕለት ስሞቹ መዛባታቸውን አውቃ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"የእነሱን ቤት ዘር የማያውቅ ማን አለ? እንደሰማሁ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አላረምሽውም?"

"ባርመውማ የእኔ ቃል ይሆናል" አለች፣ ጨርቅ እየለካች። "መልእክቱን የላከችው እኮ እሷ ናት።"

የማስተምርበት ክፍለ ጊዜ ደርሷል፤ መሄድ ነበረብኝ። ግን እዚያው ከጎኗ ተቀመጥኩ።