የላይኞቹ ፍሳሽ

የላይኞቹ ጎረቤቶቻችን ልጃቸው ከሳዑዲ በላከው ብር ቪላ ሠርተው ሲያበቁ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን የመጀመሪያውን የውሃ ሽንት ቤት አስገቡ። ሰው ሁሉ እየሄደ ውሃውን ለቀቅ አድርጎ ያየው ነበር። የሚወርደው የት እንደሚሄድ የጠየቀ ግን የለም። ጉድጓድ ማስቆፈር ጀምረው ነበር፤ ወገብ ሳይደርስ አለት ሲያጋጥማቸው ተዉትና ቱቦውን በአጥር ሥር አሾልከው ወደ እኛ ጓሮ ለቀቁት። አቤት ድፍረት!

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። ጅዳ ሰው ቤት ስንከራተት ከርሜ ለእናቴ የሠራሁላት፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ የኔ የምትለው እሱን ብቻ ነው። ፍሳሹ የጀርባውን ግድግዳ እያራሰ ይተኛል። እናቴ ደግሞ ሶላቷን የምትሰግደው እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። ነጃሳው ወለሉ ላይ ማዠት ሲጀምር መስገጃዋን መጀመሪያ ወደ መሀል፣ ኋላም ወደ በሩ ሳበች። «ንገሪያቸው እንጂ!» ስላት፣ «ጎረቤት ናቸው፣ ራሳቸው ያፍራሉ» ትለኛለች። እነሱ ሊያፍሩ!

እኔ ምን በወጣኝ! ቱቦውን በጨርቅና በድንጋይ ጠቅጥቄ ደፈንኩት። ሴት ልጃቸውን ሊያጩ የመጡ እንግዶች ሳሎኑን ሞልተውት ሳለ፣ ሽንት ቤቱ ገንፍሎ ምንጣፉ ላይ ወጣ። ወላሂ፣ እልል ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ዛሬም አልቆጭም።

እነሱ ግን ለመንደሩ ሽማግሎች ከሰሱን። ሽማግሎቹ፣ ሁሉም ገበሬዎች፣ እዚያው ሳሎን ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ። በእኛ አገር የላይኛው ማሳ ባለቤት በእርሻው መሀል ፈሰስ ቀዶ የዝናቡን ውሃ ወደ ታች ሲለቅ፣ የታችኛው ተቀብሎ ያሳልፋል እንጂ አይደፍንም። በዚሁ የእርሻ ደንብ ሽንቱንም ዳኙት። «ኧረ በአላህ! ይሄ ዝናብ ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ትልቁ ሽማግሌ ዞረውም አላዩኝ።

«እህታችን፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ፈሰሱን በግቢዎ ቀደው ያሳልፉ። ልጅዎ ላጠፋችውም ይቅርታ ይጠይቁ» አሏት።

እናቴ ተነስታ የባለቪላዋን ጉልበት ሳመች። ሴትዮዋ እግሯን እንኳ አልሰበሰበችም።

በማግስቱ እናቴ ዶማ አንስታ ፈሰሱን በገዛ ቤቷ ጀርባ ቀደደች። እኔ አላግዝም ብዬ ቆሜ አየኋት። ክረምት ሲገባ ጎርፉና ፍሳሹ ተደባልቀው በዚያው ወረዱ። ቋሚዎቹ ከሥር በስብሰው ኖሮ፣ አንድ ከሰዓት እኛ ገበያ ሳለን የጀርባው ግድግዳ ተናደ፤ ጣሪያውም ተከተለ። ስንመለስ መንደሩ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልሞተ» እያለ ተሰብስቦ ጠበቀን።

ከተማ ክፍል ተከራይቼ አብረን እንኑር ብዬ ለመንኳት። «በስተርጅና ሰፈሬን ለቅቄ የት እሄዳለሁ?» አለች። የላይኞቹም ግቢያቸው ጥግ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ሰጧት። ሰዉ እስከ ዛሬ «ጎረቤት እንዲህ ነው እንጂ! አላህ ይስጣቸው» ይላል።

ባለፈው ዒድ ልጠይቃት ሄጄ ክፍሏ ውስጥ አጣኋት። ቪላው ሽንት ቤት ውስጥ ተንበርክካ ወለሉን ስትፈገፍግ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ውጪ ጠብቂኝ ልጄ፣ ውሃ ልልቀቅበትና እመጣለሁ» አለችኝ።