መሪጌታው በደረቁ የዋጡት

ሀፊዛ ዓብዱራህማን ሰው ስታናግር አትቸኩልም። ይህ ጠባይዋ ወረፋ የሚጠብቀውን ሕዝብ ሲያበሽቅ ኖሯል። አንኮበር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የምታድል ባለሙያ ናት። ተወልዳ ያደገችው ቁልቁለቱን ወርዶ አልዩ አምባ፣ ነጋዴ ቤት ነው፤ ሙያውን የተማረችው ደብረ ብርሃን። ከመስኮቷ ፊት የቆመ ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ ውልቅ ማለት አይችልም። የነገረችውን መልሳ ታስወራዋለች። «በቀን ስንቴ ይወስዳሉ? በምን ይውጡታል? ከዋጡ በኋላስ ጋደም ይላሉ?» ከኋላ ያለው ሰው «ኧረ ይቺ ልጅ ፖሊስ መሆን ነበረባት!» እያለ ያጉረመርማል። እሷ እቴ! ሰምታም እንዳልሰማች ናት።

በተለይ ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ሰው ከመጣ ጥያቄዋ ይበዛል። ይህ የቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ የባክቴሪያ መድኃኒት ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ ነው፤ ግን አመል አለበት። ከወተት ወይም ከደም ማነስ ክኒን ጋር ከወሰዱት ይዳከማል፤ እሱን እየወሰደ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ቆዳው ቶሎ ይቃጠላል፤ ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጨርሶ አይነኩትም። አንዴ አንድ ገበሬ ከታዘዘለት ላይ አራት ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን እግሩ ቁስል ላይ እንደነሰነሰው ነገራት። ሌላ ባለሙያ ቢሆን ይጮህበት ነበር። እሷ «እስቲ ያሳዩኝ» ብላ ቁስሉን አየችና ራሷ መርታ ቁስል ወደሚታጠብበት ክፍል ወሰደችው። ሰውየው ዛሬም ድረስ ከቆላ ሲወጣ ሎሚ ሳይዝላት አይመጣም።

የዛሬ ዓመት በፍልሰታ ጾም ግን ጥያቄዋ ሁሉ አልበቃ አለ።

መሪጌታ ዘርአ ዳዊት የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው። ድምፃቸውን ለመስማት ብቻ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ። ያን ክረምት ትኩሳት መጣ ሄደ እያለ፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ ወገባቸው እየተቆረጠ ማኅሌት መቆም አቃታቸው። የጤና መኮንኗ ሔራን መርምራ ብሩሴሎሲስ ነው አለቻቸው፤ ካልተፈላ ወተት፣ ከከብት ወደ ሰው የሚሻገር በሽታ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ታዘዘላቸው፤ አንደኛው ዶክሲሳይክሊን ነበር። ሀፊዛ እንደ ልማዷ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አንዲት ቃል ሳያዛንፉ መለሱላት። ያን ሁሉ ዜማ በቃሉ ለያዘ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል?

በሦስተኛው ሳምንት መጡና የቀረውን መድኃኒት በሙሉ መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይኸን ውሰጂልኝ። እኔና እሱ አልተስማማንም።»

«ምን ሆኑ መሪጌታ?»

ደረታቸውን በእጃቸው ዳበሱ። ድምፃቸው ሻክሯል። «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል። ምራቄን ስውጥ እንኳ እሳት ነው። ትኩሳቱን እችለዋለሁ፤ ድምፄን ካጣሁ ግን ምን ቀረኝ?»

ሀፊዛ መድኃኒቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ በሽታው ተመልሶ እንደሚነሣ ታውቃለች። «በውሃ ነው የሚውጡት?» አለቻቸው።

«በውሃ ነው እንጂ በምን ሊሆን ነው!» አሉ ቆጣ ብለው፤ ዓይናቸውን ግን ከዓይኗ አሸሹ።

ሽሽቱን አየችው። ወረፋውን ለባልደረባዋ ትታ መሪጌታን ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፤ ወንበር ሰጠቻቸውና ከፊታቸው ተቀመጠች። «አንድ ነገር ላጫውትዎት» አለች፤ «ለሰው ነግሬ አላውቅም። ከአራት ዓመት በፊት ይኸው መድኃኒት ለኔም ታዞልኝ ነበር። ረመዳን ነው። ለሱሁር፣ ለሌሊቱ ምግብ፣ ሳልነሣ እንቅልፍ ጣለኝና አዛን ሊል ሲል ባነንኩ። በአንድ ጉንጭ ውሃ ካፕሱሉን ዋጥ አድርጌ መልሼ ጋደም አልኩ። እኔ፣ ስንቱን ሰው ‹በደንብ ውሃ ጠጡ፣ ወዲያው አትተኙ› የምለው! አንድ ሳምንት ሙሉ ምራቄ እንደ መርፌ ይወጋኝ ነበር። እዚህ ሲጠይቁኝ ጉንፋን ነው አልኳቸው። አፈርኩ፣ ወላሂ።»

መሪጌታ ሊስቁ ሲሉ ሳቁ አመማቸው።

«አንቺስ አንድ ጉንጭ ውሃ አግኝተሻል» አሉ። «ጾሙ ከገባ ወዲህ የጧቱን በደረቁ ነው የምውጠው። ውሃ ጾም ይፈታል፤ ካፕሱሉ ግን መች ምግብ ነው ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ዋጥ አደርግና ስግደቴን እቀጥላለሁ። ሲያቃጥለኝ ጊዜ፣ በጾም ላይ ብልጠት ስለሠራሁ ነው የተቀጣሁት አልኩ። ይኸን ለማን እነግራለሁ?»

ሀፊዛ አልሳቀችም፣ አልገሠጸችም። «ቅጣት አይደለም መሪጌታ። ካፕሱሉ የሚያወርደው ውሃ አጥቶ መንገድ ላይ ተጣብቋል፤ እዚያው ሲሟሟ አቃጠለዎት። ስለ ጉሮሮዎ ሔራን ትወስን። ስለ ጾሙ እኔ ሙስሊሟ ልናገር አይገባኝም፤ ነፍስ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በደረቁ መዋጥ የለም።»

ሔራን ዶክሲሳይክሊኑን ለጥቂት ቀናት አስቆመች፤ ጉሮሯቸውን የሚያሽር ሌላ መድኃኒት ሰጠቻቸውና ሲሻላቸው ካቆሙበት እንዲቀጥሉ፣ የጎደለውን ቀንም እንዲተኩ አዘዘች። ነፍስ አባታቸው ደግሞ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ጾም የለብህም፣ ቁርባኑ ይቆይ አሉ። መሪጌታ ይህን ሊነግሯት መጡ፤ ከሕመሙ የከበዳቸው ከቁርባን መራቁ ነው። ሀፊዛም አብራቸው አዘነች። ያልፍልዎታል ብላ ልታጽናናቸው አልሞከረችም፤ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቀዋለችና። ከዚያን ቀን ወዲህ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ «ይጾማሉ? በስንት ሰዓት ነው የሚያፈጥሩት፣ የሚፈቱት?» ወረፋውም ይብስ ረዘመ።

መስከረም በጠባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጧት፣ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ሰልፉ ውስጥ ቆመው ታዩ። ተራቸው ሲደርስ ከኪሳቸው አንዲት ካፕሱል አወጡ።

«የመጨረሻዋ ናት» አሉ። «ውሃ ስጪኝ።»

ሀፊዛ ወደ ሰልፉ ተመለከተች። ግማሹ የሳቸው አጥቢያ ሰው ነው። «እዚህ? ረቡዕ እኮ ነው መሪጌታ» አለች ዝቅ ብላ።

«አውቃለሁ። አምጪው።»

ሀፊዛ ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸው። መሪጌታ ቀጥ ብለው ቆመው ካፕሱሏን ዋጡ፤ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃም ጠጥተው ጨረሱ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ማኅሌት በሚመሩበት ድምፅ ተናገሩ።

«በፍልሰታ ይኸን መድኃኒት በደረቁ እየዋጥኩ ጉሮሮዬን ላጠፋው ነበር። ነፍስ አባቴ ፈቀዱልኝ፣ ይኸው ድኛለሁ። እንደኔ የሚያደርግ ካለ ለዚች ልጅ ይንገራት። አትቆጣም።»

ተሰናብተው ወጡ፤ ሰልፉም መንቀሳቀስ ጀመረ። ሦስት ሰው ተስተናግዶ ይመኙሻል የምትባል፣ ለሌላ ሕመም ይኸው ዶክሲሳይክሊን ታዝዞላት መውሰድ ከጀመረች የሰነበተች ሴት ተራዋ ደረሰ። ሀፊዛ ጥያቄዋን ልትጀምር አፏን ስትከፍት፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለች።

«እኔም በደረቁ ነው» አለቻት።