ይትፉት ብቻ

ፖሊሶች የወሰዱኝ ጠዋት ነው፤ ጭሮ ከተማ ያለችውን ሱቄን ገና እንደከፈትኩ። «የምትይዢውን ያዢ» ሲሉኝ፣ ምን ልበላችሁ፣ ብርድ ልብስ አላሰብኩ፣ ነጠላ አላሰብኩ፤ ከመደርደሪያው የጥርስ ሳሙናና ብሩሽ አነሳሁ። ብሩሹን እስር ቤቱ በር ላይ ፈታሿ «ተስሎ ስለት ይሆናል» ብላ አስቀረችው።

የታሰርኩበት ክፍል ውስጥ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ የሂርና ጫት ነጋዴ። እንደ አገሩ ወግ «አዴ»፣ እናቴ፣ አልኳቸው። ሲስቁ አፋቸውን በሻሻቸው ይሸፍናሉ፤ ጫቱን በስኳር ሲያጣጥሙ ኖረው መንጋጋቸው ተቦርቡሯል። መፋቂያቸውን ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ። እኔም ከሳሙናዬ ቀባሁላቸው። ፍቀው ሲያበቁ ወደ ጀሪካኑ ዞሩ።

«አይጉመጥመጡ፣ አዴ። ይትፉት ብቻ።»

«አረፋውን ይዤ ልዋል? ወላሂ፣ አንቺን ያሰሩሽ ለዚህ ነው!»

ሳቅን። ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያነበብኩትን ነገርኳቸው፦ ስኳሩ አፍ ውስጥ አሲድ ይሆንና የጥርስን ሽፋን ይሸረሽራል። ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ደግሞ ገና ያልተበሳውን ሽፋን መልሶ ያጠነክራል። ወዲያው በውሃ ካለቀለቁት ግን አብሮ ይሄዳል።

«የኔማ አልፎበታል» አሉ።

«የቀሩት አሉ እኮ።»

«ኢንሻአላህ፣ ለቀሩት።»

እሳቸው ተፈቱ። ብቻዬን ቀረሁ። ለግድግዳው «ይትፉት ብቻ» ስል ራሴን የሰማሁበት ጠዋት አለ።

ቱቦውን ጠቅልዬ የመጨረሻውን ጨምቄ እንደፋቅኩ ጠሩኝ። የመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ቀዝቃዛ ለስላሳ ተከፍቶ ነበር። የሚፈልገው ሱቄ ጓዳ ተሰብስበው ያወሩትን ሰዎች ስም ነው።

«ጠጪ እንጂ። ስማቸውን ንገሪኝና ቤትሽ ግቢ።»

ጉሮሮዬ ደርቋል። ከጥማቱ ይልቅ የፈተነኝ ግን ሰው እያናገረኝ መሆኑ ነበር።

«አሁን ጥርሴን ፍቄያለሁ፤ ጣፋጭ አልቀምስም።»

«እዚህ ተቀምጠሽ ለጥርስሽ ትጨነቂያለሽ?»

«ገና እበላበታለሁ» አልኩት።

ስም አልጠራሁም። ለስላሳውን ራሱ ጠጣው። እኔን ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

በኋላ ፈቱኝ፤ ዛሬ ሱቄ እንደገና ተከፍታለች። እነዚያ የጓዳዬ ሰዎች ግን በሌላ መንገድ ያልፋሉ፤ ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ሱቄን ዘግቼ ስገባ ጥርሴን ፍቄ እተፋለሁ፤ አልጉመጠመጥም። ጣዕሙ ከአፌ እስኪጠፋ ዝም እላለሁ፤ የሚያናግረኝም የለ። ጥርሶቼን በምላሴ ስዳስሳቸው ግን ሁሉም አሉ።