ተሻሽሎና ሰፍቶ የታተመው «ዋሻው»

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሐጂ አብዱ አንድ ክምር ወረቀት ፊቴ አስቀመጡና «አስተካክይ» አሉኝ። አስተካከልኩ። ዳሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ክምሩን ናዱት። «እንደገና» አሉ። እስከ ምሳ ሰዓት አምስት ጊዜ ናዱብኝ። በስድስተኛው አንስተው ወደ መቁረጫው መኪና ወሰዱት። ተናድጄ እቤት ስገባ ለእናቴ «ሁለተኛ አልሄድም» አልኳት። በማግስቱ ግን በሩ ሳይከፈት ደርሼ ቆሜ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ደሴ፣ ከአራዳ ወረድ ብሎ ነበር። ደርግ ትልልቁን ሁሉ ሲወርስ እሱ በትንሽነቱ ተረፈ። ያለን ንብረት በእግር የሚረገጥ አንድ ማተሚያ መኪና፣ አንድ የወረቀት መቁረጫና የእርሳስ ፊደል የሞላባቸው ሣጥኖች ነበሩ። ባለቤቱ ሐጂ አብዱ አያታቸው ከየመን የመጡ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ደረሰኝ፣ የቀበሌ ቅጽ፣ የመዝገብ ደብተርና የሠርግ ጥሪ እናትማለን። እኔ ከወረቀት አስተካካይነት ወደ ጠራዥነት፣ ከዚያም ወደ ቆራጭነት አደግሁ። ስለ ራሴ ለመመስከር ያህል፣ በደሴ ከተማ ከእኔ እጅ የወጣ ጠማማ ወረቀት የለም።

«ዋሻው»ን ያመጣልን መምህር ታደሰ የሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ለተማሪዎቹ በደብተር ላይ የሣለው ጨዋታ ነበር። አራት ሰዎች ዳይስ እየጣሉ ወደ አንድ ዋሻ ይወርዳሉ፤ አንዱ አዳኝ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ገመድ ያዥ፣ አንዱ መንገድ መሪ ነው። በየክፍሉ የተደፋ ካርታ አለ፤ ሲገለጥ ጅብ ይሆናል፣ ወይ ጎርፍ፣ ወይ ሻማ። ከታች ጭራቅ የሚጠብቀው የወርቅ ሣጥን አለ። ከሁሉም ከባዱ የመንገድ መሪው ሥራ ነው። ካርታውን ብቻውን ገልጦ ያየዋል፤ ለሌሎቹ ግን በሦስት ቃል ብቻ ነው የሚነግራቸው። እነሱም በዚያች ሦስት ቃል ይገባሉ ወይም ይመለሳሉ።

ሐጂ አብዱ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። «ዳይስ ያለበት ነገር ከቤቴ አይወጣም፤ ቁማር ነው» አሉ። «ካርታ የሚል ቃልም ጆሮዬ እንዳይገባ!» በዳይሱ ፋንታ ቁጥር የተጻፈባቸው እንጨቶች በትንሽ ከረጢት ተደረጉ። ካርታዎቹም «በር» ተባሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም በር ነው የምንላቸው።

በዚያ ዘመን ያለ ማህተም የሚታተም ነገር አልነበረምና ናሙናውን ይዘን ሳንሱር ከሚያደርገው ሰው ዘንድ ቀረብን። ጓድየው ገለባብጦ አየና «ወርቁን ማን ይወስደዋል?» ሲል ጠየቀ።

«ቀድሞ የደረሰው» አለ መምህር ታደሰ።

«አይሆንም፤ አራቱም ይካፈሉት። ደግሞ ይሄ የዋሻው ንጉሥ የምትሉት ምንድን ነው?»

«ጭራቁ ነው ጓድ።»

«ባላባት በሉት።»

ባላባት አልነው፤ ማህተሙ ተመታ። ስንወጣ መምህር ታደሰ እያጉረመረመ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ወርቁን መካፈላቸው ጨዋታውን አሳመረው። ተጫዋቾቹ መጠላለፉን ትተው አንዱ ሌላውን መጠበቅ ጀመሩ።

በየሣጥኑ ውስጥ «አስተያየትዎን ጽፈው ይላኩልን» የምትል ቁራጭ ወረቀት ጨመርን። የሚመለስ አልመሰለንም ነበር። ግን መጣ። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች «ገና ሲሞቅ ያልቃል፤ አስረዝሙት» አሉ። አንድ የአሰብ መስመር ሾፌር «ይህ ዋሻ የሐረጎን ቁልቁለት ከመውረድ ይቀላል፤ አክብዱት» ብሎ ጻፈ። ከገራዶ አንዲት መምህርት «ሴት የለችበትም ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ ይቺስ ልክ ናት አልኩ።

ከሁሉም የበለጠው የመጣው ከቦሩ ሜዳ ነው። አራት ገጽ ሙሉ። «ሻማው ለምን አያልቅም? ሻማ የማያልቅበት ዋሻ ሳሎን ነው» ይላል። «የቆሰለ ጓደኛ ጥሎ መሄድ ብቻ ነው ያለው፤ ተመልሶ የሚያነሳበት መንገድ ይኑር። ውሃ ያለበት ክፍልም ጨምሩ፤ መንገደኛ ውሃ ካገኘ ማረፉ አይቀርም።» ከታች «ሙሄ ነኝ፤ የጻፈልኝ የአልጋ ጎረቤቴ ነው» የሚል አለበት። ሌላ ሰው የጻፈላቸው ፊደል ስላልቆጠሩ ነው ብዬ አለፍኩት።

መምህር ታደሰ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና «እኚህ ሰው ከእኔ ይበልጣሉ» አለ። ሁለተኛውን እትም ሲያሰፋ ከጨመረው ግማሹ የእሳቸው ሐሳብ ነው። ክፍሎቹ በዙ፤ ሴት አዳኝ ገባች፤ ሻማው ማለቅ ጀመረ፤ የቆሰለ ሰው የሚነሳበት ሕግ ወጣ።

ችግሩ ወረቀቱ ነበር። ወፍራም ካርቶን የምናገኘው በኮታ ነው፤ የደረሰን ደግሞ ለመጀመሪያው እትም ያህል እንኳ አይበቃም። ሐጂ አብዱ «እንግዲህ ይቅር» ብለው ተነሡ። «አይቀርም» አልኳቸው። ከአንድ ሉህ አሥራ ስድስት በር ይወጣ ነበር፤ እኔ ሳሳ ያለ ካርቶን መርጬ፣ በሮቹን በግማሽ አሳንሼ ሠላሳ ሁለት አወጣሁ። አንዱም አልተንጋደደም። ሐጂ አብዱ ክምሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ማሻአላህ!» አሉ። «አንቺስ ከድንጋይም ወረቀት ታወጫለሽ። ከዛሬ ጀምሮ የመቁረጫውና የጥራዙ ኃላፊ አንቺ ነሽ።»

ያን ሳምንት መሬት አልረገጥኩም።

በዚሁ መጠን በተቆረጠው ናሙና ላይ ማህተሙ እንደገና ተመታ፤ የሁለተኛው እትም አስተያየትም ቶሎ ቶሎ መጣ። ኮምቦልቻዎች አሁን ደግሞ «የምሳ ሰዓታችን አይበቃውም፤ የፊተኛው ይሻል ነበር» አሉ። ሾፌሩ «ባላባቱ አይሸነፍም፤ አብዮቱ እሱ ዘንድ አልደረሰም ወይ?» ብሎ ጻፈ፤ ያንን ወረቀት ሐጂ አብዱ ወዲያው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። የገራዶዋ መምህርት አመሰገነች። ስለ በሮቹ ማነስ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ኪስ ውስጥ ይገባሉ ብሎ ለማመስገን ነው።

ለሙሄ አንድ ሣጥን በስጦታ ልከንላቸው ነበር። የመለሱት ወረቀት ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «አልገባሁም» ይላል።

በገንኩ። ግማሹን ያሰፉት እሳቸው፣ ለሐሳባቸው ቦታ ልፈጥር ወገቤ የተቆረጠው እኔ፤ አልገባሁም! መምህር ታደሰ «አልወደዱት ይሆናል፤ ተያቸው» አለኝ። ሳይገቡ እንዴት ይጠሉታል? እሑድ መኪና ተሳፍሬ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ።

በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው «ዋሻው»ን ይጫወታሉ። አያ ሙሄ ማን እንደሆኑ ጠየቅሁ። ከጠረጴዛው ራቅ ብለው ግድግዳ የተደገፉ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ «እኔ ነኝ» አሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም አያ ሙሄ። ዘሀራ እባላለሁ፤ በሮቹን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ጽፈው ሲያበቁ ሳይገቡ መቅረትዎ ምን ይባላል?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ቁጭ በይ የኔ እናት፤ ቁጣሽ ይብረድ» አሉና እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። ሕመሙ ጣቶቻቸውን ጨርሷቸዋል። ሁለት መዳፍ ብቻ ናቸው የቀሩት።

ደሴ ተወልጄ አድጌ፣ የሥጋ ደዌ ታማሚ ለሕክምና ቦሩ ሜዳ እንደሚሄድ ሳላውቅ አይደለም። የሀገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ደብዳቤው ላይ «ቦሩ ሜዳ» የሚለውን በገዛ ዓይኔ አንብቤ፣ ሰውየው በምን እጅ እንደሚጫወቱ አንድ ቀን ያላሰብኩት እኔ ነኝ።

ወደ ጠረጴዛው ቀረቡና አንድ በር በመዳፋቸው ሊገልጡ ሞከሩ። ተንሸራተተ። ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፉት፤ ሳሳ ስላለ ታጥፎ ወደቀ።

«ፊተኛው ወፍራም ነበር» አሉኝ። «ወደ ዳር አወጣውና በሁለት መዳፌ ይዤ እገልጠው ነበር። እሱ አሁን ተበላሽቷል። እነዚህም አዲሱን ወደዱት፤ አልፈርድባቸውም፣ ይጣፍጣል መሰለኝ።»

«እኛ እንግለጥልዎ ብለናቸው ነበር» አለ ከተጫዋቾቹ አንዱ። «እምቢ አሉ።»

«እኔ መንገድ መሪ ነኝ። በሩን አንተ ከገለጥክልኝ አየኸው ማለት ነው። ያየህበትን መንገድ ምን ብዬ እመራሃለሁ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ከቢስቲማ እስከ ቆላው ድረስ ግመል ስመራ ኖሬያለሁ። እዚህ ከገባሁ ወዲህ ግን ሰው ነው እኔን የሚመራኝ፤ ብላ ይሉኛል እበላለሁ፣ ተኛ ይሉኛል እተኛለሁ። ዋሻው ውስጥ ብቻ ነበር ሰው የእኔን ቃል የሚጠብቀው። ወላሂ እሱ ሲቀርብኝ ከፍቶኛል።»

«አጥፍቻለሁ አያ ሙሄ» ብቻ አልኳቸው።

«አብሽሪ» አሉኝ። ጭራሽ የሚያጽናኑኝ እሳቸው ሆኑ፤ ያ የበለጠ አሳፈረኝ።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ አብዱ ፊት ቀረብሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ኃላፊ ያደረገኝ ሥራ ስህተት ነበር አልኩ።

«ካርቶኑ አልቋል» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ማህተሙ የተመታው በናሙናው ላይ ነው። መጠኑን ብትለውጪ እንደገና ይታይ ይላሉ።»

«አንድ ቃል አልለውጥም፤ አዲስም አላትምም። የታተሙትን በሮች በወፍራም ነገር ላይ ልለጥፋቸው ነው።»

«ለአንድ ሰው?»

«ለአንድ ሰው።»

«ከመዝገብ ሽፋን የተረፈውን ቁራጭ ውሰጂ» አሉ በመጨረሻ። «በምሳ ሰዓትሽ ነው ታዲያ።»

«መርሐባ፤ እሺ» አልኳቸው።

የመጀመሪያዎቹን ስለጥፍ ወፍራምና ትልቅ ማድረግ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ጣቶቼን በጥራዝ ጨርቅ ጠቅልዬ በመዳፌ ስሞክራቸው ጠረጴዛው ላይ ተኝተው አልነሣ አሉ። የእርሳሱን ፊደል የሚለቅመው ባልደረባችን አይቶኝ «ዘሀራ ቡጢ ልትገጥም ነው» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ይሳቅ። ሁሉንም ላጥኩና ከሥራቸው ጠበብ ያለ ሌላ ካርቶን ጨመርኩ፤ ያኔ የላይኛው ዳር ከጠረጴዛው ከፍ አለና መዳፌ ሥሩ ገባ። ከዚያ ወዲያ በየምሳ ሰዓቱ እነሱን መለጠፍ ሆነ ሥራዬ። ሣጥኑ አልበቃቸው ስላለ ለራሳቸው ሌላ ሣጥን ጠረዝኩላቸው።

ሣጥኑን ይዤ ስሄድ አያ ሙሄ ወንበራቸውን በእግራቸው እየገፉ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። ሦስቱ ሰዎች ቦታ ለቀቁላቸው። ከረጢቱን በመዳፎቻቸው መካከል ይዘው አንድ ቁጥር እስኪወድቅ አራገፉት፤ ከዚያ የመጀመሪያውን በር ከሥሩ አነሡት፣ ወደ ደረታቸው አስጠግተው አዩት፣ መልሰው ደፉት። ሦስቱ አፍ አፋቸውን ያያሉ።

«ሻማ ያዙ፤ ተከተሉኝ» አሉ። ልክ ሦስት ቃል፤ ሦስቱም ተነሥተው ሊከተሏቸው ምንም አልቀራቸው።

ከሰዓቱን ሙሉ ተጫወቱ። ከባላባቱ ክፍል ደጃፍ ሲደርሱ ሻማቸው አለቀና አራቱም እዚያው ቀሩ።

«ወረቀት አውጪ» አሉኝ አያ ሙሄ። «ጻፊ። አንደኛ፣ ውሃ ያለበት ክፍል አሰልቺ ነው። ሰው ገብቶ ይገተራል። የየትኛው ሰነፍ ሐሳብ ነው?»

«የእርስዎ ነው አያ ሙሄ። ደብዳቤው ማተሚያ ቤት አለ።»

ሦስቱ ሰዎች በሳቅ ወደቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ያኔ አልገባሁበትማ። ተሳስቼ ነበር ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ሁለተኛ፣ ሻማው ቶሎ ያልቃል። ሦስተኛ፣ ሐኪሙ ሥራ ፈት ነው…»

ሦስት ገጽ ሞላሁ። አንድም ምስጋና አልነበረበትም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደስ ያለኝ አስተያየት የለም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ብዙ ነገር ቆርጫለሁ። ለወጣት ባልደረቦቼ የምላቸው ይህን ነው። ሥራችሁን ያመሰገነውም የነቀፈውም ተጠቅሞበታል። «አልገባሁም» ያለውን ግን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት።