ጓደኛዬ ያላንቀሳቀሳቸው ወታደሮች

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዶርማችን ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረች። ጓደኛዬና እኔ ትምህርታችንን ያስረሳንን የጦርነት ጌም የጀመርነው እሷ ላይ ነው። በተራ የሚጫወቱት ነው፤ ወታደሮችህን ታንቀሳቅሳለህ፣ ተራህን ትለቃለህ፣ ከዚያ ጠላት ይንቀሳቀሳል። ያልደረስክበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ነው። የሞተ ወታደር አይመለስም። ለወታደሮቹ የዶርም ልጆችን ስም እንሰጥና አንዱ ሲሞት ባለስሙ ጋ ሄደን «ዛሬ ቀበርንህ» እንለው ነበር። ጓደኛዬ ችኩል ተጫዋች ነበር። ጥቁሩ ውስጥ ዘሎ ይገባል፤ ግማሹን ሠራዊት አስጨርሶም ቢሆን ያሸንፋል።

ከዓመታት በኋላ ሪያድ ተገናኘን። እኔ በሥራ ውል መጥቼ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከባለቤቴና ከሁለት ሴት ልጆቼ ጋር ሙረባዕ ሰፈር ነው የምንኖረው። እሱ ግን ሀገር ቤት ጦርነት ውስጥ ገብቶ፣ ቆስሎ፣ ከዚያ በየመን በኩል ነው የመጣው። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። ጉበይራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ፣ የቀለም ሥራ ሲገኝ ይሠራል። ስለ ጦርነቱ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም አንሥቶብኝ አያውቅም።

ጌሙ በነዚህ ዓመታት ሁሉ አዲስ ክፍል ሲወጣለት ቆይቷል። የመጨረሻውን ክፍል ላፕቶፔ ላይ እንደጫንኩ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይዤለት ሄድኩ። ዛሬም እንደ ድሮው ይጥም እንደሆነ ከእሱ ጋር ካልሆነ ከማን ጋር ልፈርድ?

ዓርብ ከሰዓት ጉበይራ መርገጫ አይገኝም። ያን ቀን ግን መንገዱ ጭር ብሏል። ጥግ ላይ ያለችው በቃላ፣ ትንሿ ሱቅ፣ መዝጊያዋን እስከ ግማሽ አውርዳለች። ባለሱቁ ሲያየኝ ሰላም አላለኝም።

ክፍሉ ውስጥ ጓደኛዬና አብረውት የሚኖሩት አንድ የወሎ ሰው ብቻ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚራመዱት። እሳቸው ልብስ ሊያጥቡ ኮሪደር ወጡ፤ እኛ ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ ከፈትን።

አዲሱ ያምራል። ዝናቡ የእውነት ዝናብ ነው የሚመስለው። ጓደኛዬ ግን ጥግ ላይ አንድ ቁልፍ አየና ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከተሳሳትክ ወደ ኋላ ይመልስልሃል።»

«የሞተውስ?»

«እሱም ይነሣል።»

እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሣ። «አሮጌው አለህ?»

ነበረኝ። ሥዕሉ ሻካራ ነው፤ የወታደሮቹ ፊት እንኳ አይለይም። አርጅቷል ብዬ ነበር። ግን ጥቁሩ ስክሪኑን ሲሸፍነው፣ ከውስጡ የእግር ኮቴ ብቻ ሲሰማ፣ ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

«ስም እንስጣቸው?» አልኩት።

«ስም አትስጣቸው።»

ወታደሮቹን ከአንድ ግንብ ጀርባ ደረደረና አንዱንም ሳያንቀሳቅስ ተራውን ለቀቀ። ቀጥሎም እንደዚያው። እንደገናም።

«ምነው፣ አታንቀሳቅሳቸውም?»

«እዚህ ደህና ናቸው።»

«ጠላት ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ።»

ጨዋታውን ላቅልለው ብዬ ዶርም ውስጥ ከእሱ አልጋ በላይ ይተኛ የነበረውን ልጅ አነሣሁ፤ በስሙ የሰየምነው ወታደር ሁልጊዜ ቀድሞ ነበር የሚሞተው። «እሱ የት ደረሰ?»

ጓደኛዬ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «ግንባር ላይ አጠገቤ ነበር» አለኝ። ተራውን ለቀቀ።

ያኔ ጋሼ እጃቸው ሳሙና እንደሆነ ገቡ። «ልጆቼ፣ ጀዋዛቶች መንገዱን በሁለቱም በኩል ዘግተዋል። ያላ፣ ወደ ጣሪያ!»

ኢቃማ የሌለውን የሚያድኑት የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ነበሩ። ሕንፃው በአንዴ በሩጫ ተሞላ። ከሁሉም ክፍል ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ በፊት በነበረ ፍተሻ አንድ ልጅ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲዘል ወድቆ እንደሞተ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጋሼ የደረጃውን ብረት ይዘው እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ።

«መኪናዬ ከኋላ ነው፤ ና» አልኩት።

«ከእኔ ጋር ካገኙህ አንተም ትገባለህ። ልጆች አሉህ።»

ታች የብረቱ በር ይደበደብ ጀመር። ጓደኛዬ ተቀምጦ ጫማውን ያጠልቅ ነበር። ገመዱን ቀስ ብሎ አሰረ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ወደ ታች።»

«አብደሃል?»

«ሰው ካገኙ ምናልባት እዚያው ይበቃቸዋል። ካላገኙ ግን ጣሪያ ይወጣሉ። ልጆቹ ይዘላሉ፤ ጋሼ መዝለል አይችሉም።» በሩ ላይ ዞር አለ። «ኢቃማህን በእጅህ ይዘህ ተቀመጥ። እንዳትሮጥ።»

ከደረጃው ድምፁ ተሰማኝ፤ ብቻውን እንደሚኖርና ኢቃማ እንደሌለው በዐረብኛ ጮክ ብሎ ይናገራል። አንድ ወጣት ፖሊስ ግን ወደ እኔ ወጣ። ኢቃማዬን አገላብጦ አየ። የተደረደሩትን ፍራሾች አየ፤ ለአንድ ሰው እንደሚበዙ ለማንም ግልጽ ነው። ከዚያ አንገቱን ወደ ጣሪያው ደረጃ አቀና። ላይ አንድ ነገር ኮሽ አለ። እሱም ሰማ፣ እኔም ሰማሁ።

«ኸላስ፣ ያላ!» አለ ከታች አንድ ድምፅ፤ በቃ፣ እንሂድ ነው። ፖሊሱ ትንሽ ቆመና ኢቃማዬን መልሶልኝ ወረደ።

በመስኮት ጓደኛዬ የጀዋዛቶቹ አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ቀና ብሎ አላየም። ጋሼ ሲወርዱ የት እንደሄደ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ሳሙናው የደረቀበትን እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ታስሮ ቆይቶ ወደ ሀገር ቤት ተመለሰ። ደርሶ ሲደውልልኝ ድምፁ ቀለል ያለ ነበር። «ጋሼስ?» አለ መጀመሪያ። ደህና እንደሆኑ ነገርኩት። «አዲሱንስ ጨረስከው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቀድሞ የተዋጉ ልጆችን እንደገና ለውጊያ እየፈለጉ ነው አለኝ፤ እናቱ ቤት መጥተው የት እንዳለ ጠይቀዋል። «ምን ልታደርግ ነው?» ስለው መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ሰዎች አሮጌው ጌም ዛሬም ይጥማል፣ አይጥምም እያሉ ይከራከራሉ። እኔ አሮጌውን አንዳንዴ እከፍተዋለሁ። በደንብ ተሠርቷል። ወታደሮቹን ደርድሬ ተራዬን መልቀቅ ያቅተኝና እዘጋዋለሁ።

ዓርብ ዓርብ ጋሼን ለመጠየቅ ጉበይራ እሄዳለሁ። ገና ከበሩ «ደወለ?» ይሉኛል፤ «ገና ነው» ስላቸው «ኢንሻአላህ» ይላሉ። ባለፈው ዓርብ ግን አልጠየቁኝም። ሻይ ቀዱልኝ።